ባዶ መሬት ያሉት አውድማ

በእኛ ጊዜማ፣ ልጄ፣ ነፋስን መዝገብ ይዞ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። ሲመጣ መጣ፣ ሲቀር ቀረ። ከቢቸና ወጣ ብለሽ ወደ ዓባይ በረሃ ስታዪ ያ ራሰ በራ ጉብታ የለም? እሱ ላይ ነበር አውድማችን። ታኅሣሥ ላይ በሬዎቹ ገብሱን ረግጠው ሲጨርሱ ይስማው፣ አያትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መበተኛ ላይዳውን ይዞ ዝም ብሎ ይቆማል። ዝም ብሎ ነው የምልሽ! እኔ ከዳር ጠላ ይዤ፣ "ኧረ በትነው፣ ምን ይገትርሃል?" እለዋለሁ። "እሽሽ፣ እየመጣ ነው" ይለኛል፣ ትልቅ እንግዳ እንደሚቀበል። እና ቀስ ብሎ ያፏጫል፣ ፊው… ፊው… ታዲያ ይመጣል! ከገደሉ ሽቅብ ይመጣል። ያኔ ገብሱን ወደ ላይ ሲበትነው ገለባው ወዲያ፣ ፍሬው እግሩ ሥር። ጸጉሩ በገለባ ወርቅ መስሎ፣ ላቡ በደረቱ እየወረደ… እንደሱ ያለ ወንድ በጎጃም አልተፈጠረም። አትሳቂ፣ እውነቴን ነው።

እና ይስማው ሞተ። ዓመቱ ሳይሞላ ቀበሌ ስብሰባ ጠራን። ከሞጣ የመጣች ሰዓዳ የምትባል ባለሙያ ተነሥታ መመሪያ አነበበች። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፣ አያቷን አውቃቸዋለሁ፣ ሲለኩ እጃቸው የማይሰስት ሰው ነበሩ። ምን ብላ አነበበች? ነፋስ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው፤ ከነፋስ መብራት አወጣለሁ የሚል ሁሉ ፈቃድ ያወጣል፤ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ደግሞ ነፋሱ ይለካል፤ ለመለኪያው ምሰሶ ቦታው የተወሰደበት ሰው ካሳ አለው። "የቤት፣ የዛፍ፣ የሰብል ካሳ" አለች። ምሰሶውስ የት ይተከላል? ጉብታው ላይ! ልክ አውድማው ላይ! ተነሣሁ።

"የአውድማስ?" አልኳት።

ወረቀቷን አገላበጠች። "እማማ፣ ቅጹ ላይ አውድማ የሚል የለም።"

ሊቀመንበሩ፣ ያ በጋ ከክረምት ኮቱን የማያወልቀው፣ በስሜ ጠርቶኝ ጣልቃ ገባ። "እማማ ይታይሽ፣ አውድማ እኮ ባዶ መሬት ነው! ምትክ እንሰጥዎታለን። ታች ወንዙ ዳር፣ ለጥ ያለ ሜዳ።"

"ባዶስ ያንተ ራስ ነው" አልኩት። አዳራሹ በሳቅ ሞተ። "ወንዝ ዳር ነፋስ አለ?"

"ነፋስ የትም አለ፣ እማማ።"

"እንግዲያ ነገ የተወቃ ገብስ አስይዤ እመጣለሁ። ገለባውን ከለየህልኝ ያን ጊዜ ጣቴን ቀለም ነክሬ እፈርምልሃለሁ።"

ታዲያ በማግስቱ ወረድን፣ አገሩ ሁሉ ተከትሎን። ሊቀመንበሩ ላይዳውን ጨብጦ ገብሱን ወደ ላይ ጣለው። ፍሬውም ገለባውም ተያይዘው ራሱ ላይ! ደገመ። አሁንም ራሱ ላይ! "ትንሽ ይታገሡ፣ ይነሣል" ይለኛል፣ ቅንድቡ ገለባ ለብሶ። ፀሐይ እስክታዘነብል ታገሥኩት። ኮቱን ያወለቀው ያን ቀን ነው።

ሰዓዳ ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፍና፣ "እማማ፣ እውነትዎን ነው፤ ግን ቅጹ ላይ መጻፊያ የለውም" አለችኝ።

"የእናንተ ወረቀት ዳር የለውም? ዳሩ ላይ ጻፊዋ!"

ጻፈች። እና ጉብታው ላይ አብራኝ ወጣች። "ነፋሱ መቼ ይበረታል?" ብትለኝ ይስማው የሚያውቀውን ሁሉ ነገርኳት። መስከረም ላይ እንደሚተኛ፣ ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ ከቀትር በኋላ ከገደሉ እንደሚነሣ፣ የካቲት ላይ አቅጣጫው እንደሚዘበራረቅ።

"ይህን ከማን ሰሙ?"

"ከባለቤቴ።"

"ስማቸው?"

ስሙን ነገርኳት። ጻፈችው፣ ልጄ! የመንግሥት ወረቀት ላይ የይስማውን ስም ጻፈችው። ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርኩ።

ምሰሶው አውድማውን ትቶ ወደ ጉብታው ወዲያኛው ጫፍ ሄደ። ይኸው እስከዛሬ ይለካል። መብራቱን እንኳ ገና አላየሁትም፤ ይሁን፣ እነሱም ሥራቸው ነው።

ታዲያ አሸነፍሽ ትይኛለሽ። አዎ፣ አሸነፍኩ። በዓመቱ አባትሽ መውቂያ ማሽን ተከራይቶ ገብሱን ደጃፍ ላይ ጨረሰው። ድርርርር! ግማሽ ቀን አልፈጀም። ጉብታው ላይ ማንም ዝር አላለ። "አውድማውን ያስቀረሁት እኮ…" ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። ምን ልበለው? ስሟገት ለገብሱ መስሏቸው! ገብስ የትም ይወቃል።

እና አሁን ታኅሣሥ ሲገባ ብቻዬን እወጣለሁ። ድሮ ሴት መሐል አውድማ አትረግጥም ነበር፤ አሁን መሐሉ ላይ እቀመጣለሁ፣ የሚቆጣኝ የለ። ሰርዶ አብቅሏል። ነፋሱ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። ቀሚሴን ጎተት ያደርጋል፣ ዙሪያዬን ይዞራል፣ የሚበትነው ሲያጣ ያልፋል። አልፎ ሲሄድ ነው ሆዴ የሚባባው፣ ሲመጣ እንኳ ደስ ይለኛል።

— እምዬ፣ ዘንድሮ ለምን አንድ ነዶ ይዘን አንወጣም? እኔ እበትነዋለሁ።

አንቺ? በዚህ ቀለም በተቀባ ጥፍርሽ? ሃ ሃ ሃ! እስቲ እጅሽን ወዲህ በይው… ይኸ እንኳን ላይዳ ማንኪያም አይችል! … እሺ። ግን ሁለት ነዶ ይሁን። አንዱማ ቶሎ ያልቃል።