ድግስ የተደገሰለት ጤና

መነጽር ሠሪዋ ልጅ ፊቷን በሻርፕ ሸፍና በክሊኒኩ የጎን በር ስትገባ፣ ደም ግፊታቸውን ተለክተው ከሚወጡት አጎቷ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። ሰው ከማን እንደሚደበቅ ካወቀ የሚያገኘው ያንኑ ሰው ነው።

ወላጅ ሆነው ያሳደጓት እኚህ ጡረተኛ ሾፌር ናቸው። ባለፈው ዓመት ጭንቀትና ድባቴ ከአልጋ አላስነሳ ብሏት ነበር። ታክማ ሲሻላት ደስታቸውን መያዝ አቃታቸውና ደግሰው ጎረቤቱን ጠሩ፤ «ልጄ ድናለች! ከእንግዲህ ክሊኒክ የሚባል ደጅ አትረግጥም!» ብለውም አወጁ። በድግስ የታወጀ ጤና እንዴት ይታማል? ልጅቷም እሳቸውን ላለማሳፈር ስትል ክትትሏን ተወችው። ሰሞኑን ግን እንቅልፍ ራቃት፣ ምግቡም አፈር አፈር ይላት ጀመር።

«አንቺ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሐኪሜ ጋ መጥቼ ነው ጋሼ። ሕመሙ ተመልሶብኛል።»

ሽማግሌው አግዳሚው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። «በቃ፣ ልፋታችን ሁሉ ውኃ በላው! ያ ሥራ ነው የጎዳሽ። አሁኑኑ ለአሠሪሽ ደውዬ ‹ከእንግዲህ አትመጣም› እላለሁ። ቤት ትቀመጪያለሽ።» ስልካቸውንም አወጡ።

ልጅቷ ክው አለች። መስታወቱን የሞረደችለትን መነጽር ያደረገ ሰው ማዶ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ ሲስቅ ማየት፣ በዚያ ክፉ ዓመት ከአልጋዋ ያስነሳት ተስፋ እሱ ነበር። ስለዚህ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ የአጎቷን እጅ ከነስልኩ ያዘች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ለምን መጡ?»

«ለግፊቴ ነዋ! ትንሽ ከፍ ብሎብኝ።»

«ታዲያ ልፋቴ ውኃ በላው ብለው ቤት ሊቀመጡ ነው?»

«እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ! ሰው ምን ይለኛል? ድናለች ብዬ አፌን ሞልቼ የተናገርኩት እኔ!»

ነገሩ ይኸው ነበር። አጎትዬው ልጅቷን ይወዳሉ፤ የፈሩት ቃላቸው እንዳይታጠፍ ነው። ስንቱ ወላጅ ለቃሉ ሲል ልጁን ያሳምማል!

«እኔም እሱን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሲከፋኝ እየሳቅኩ፣ ሳልተኛ ተኛሁ እያልኩ። ሐኪሙ እኮ ድሮውኑ ነግሮኛል፤ እየተሻለሽም ቢሆን ወደ ኋላ ሸርተት ልትዪ ትችያለሽ፣ ያኔ ቶሎ ነይ ብሎኛል። ተሸንፌ አልመጣሁም ጋሼ። ያን ጊዜ በር ዘግቼ ተኝቼ፣ እርስዎ ነዎት አዝለው ያመጡኝ። ዛሬ ምልክቱን ራሴ አውቄ፣ ራሴ ቀጠሮ ይዤ፣ በእግሬ መጣሁ። ይሄ ከዜሮ መጀመር ነው?»

አጎትዬው ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ጀርባቸው ላይ ተዝላ የመጣችበት ቀን ትዝ አላቸውና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እውነትሽን ነው» አሉ በመጨረሻ። «በእግርሽ መጣሽ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት ልጄ፤ የደስታዬን ዋጋ አንቺን አስከፈልኩሽ። ግቢ፣ እጠብቅሻለሁ። ለአሠሪሽም የሚነገረውን አንቺው ንገሪ።»

ልጅቷ ገባች። መድኃኒቷ ተስተካከለ፣ ምክሩም ቀጠለ፣ አሠሪዋም ለሕክምናዋ ሰዓት ፈቀዱላት። እንቅልፏ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ከሥራዋም አንድ ቀን አልቀረችም። አጎቷ ደግሞ ለጠየቃቸው ሁሉ «ገና እየታከመች ነው፣ በርትታለች» ማለት ለመዱ። በግልጽ የተነገረች ይህች አጭር ቃል ያ ሁሉ ድግስ ያላደረገውን አደረገች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰፈሩ «ራድዮ» የሚላቸው ጎረቤት ወሬ ሳይዙ ልጅቷ ዘንድ መጡ። በሩን ከኋላቸው ዘጉና «ልጄ ከክፍሉ አልወጣ ብሎኛል። ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ያንቺን ስሰማ ነው…» ብለው ሳይጨርሱ እንባቸው ቀደማቸው።

ልጅቷ ብድግ አለች። «አሁኑኑ ላናግረው እትዬ። እሺ ካለኝ አብሬው እሄዳለሁ። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ሁለቴ ሄጄበታለሁ።»

ድምጿን ዝቅ ሳታደርግ ስለ ሕመሟ ስታወራ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።