የዘሃራ ዘር፣ የእኔ አመድ

በዚያ በክፉ ቀን በጎረቤቴ በዘሃራ የቀናሁት በአመድ ነው። ረሃቡ ሳይከፋ ደጄ መጥታ "እቴ፣ የአገዳሽን አመድ አትድፊው፤ ከማሽላ ዘሬ ጋር ልደባልቀው" ብትለኝ፣ "ውሰጂው፣ ከተረፈሽም ተቀቢው" ብዬ ሳቅሁባት። እኔ እናቴ ታደርግ እንደነበረው ዘሬን ከነዘለላው ከምድጃዬ በላይ ሰቅዬ ነበር፤ ጭሱ ነቀዝ አያስጠጋም። ምን ያደርጋል፣ የሚበስል ሲጠፋ እሳቱም ጠፋ፣ ጭሱም ቀረ። ለአገራችን ለቆቦ ዝናብ ሲመጣላት ዘለላውን ባወርደው ነቀዝ ጨርሶት ኖሮ ዱቄቱ በእጄ ላይ በነነ።

ዘሃራ ጋኗን ስትገለብጥ ግን ዘሩ ከአመዱ ውስጥ ጥርስ መስሎ ወጣ። ከረሃቡ ይልቅ አንጀቴን ያሳረረው ያ ነው። አፍ አውጥቼ ሳልለምናት በነጠላዬ ጫፍ ሁለት እፍኝ ቋጠረችልኝና "ያቆየው ያንቺው አመድ ነው፣ አልሐምዱሊላህ በይ" አለችኝ። ጥርሴን ነክሼ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ዘራሁት፣ በቀለ፤ ልጆቼንም አተረፈልኝ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ "የዘሃራ ማሽላ" ይለዋል። አመዱ የማን እንደነበር ግን አንድም የሚጠይቅ የለም።