በመግሪብ ሰዓት ለአባቴ ስለሰጠሁት ሃይላንድ

የምስክር ቃል
ስም፦ ሀሩን አብዱልመጂድ
ዕድሜ፦ 38
ሥራ፦ ሹፌር
አድራሻ፦ ጅዳ፤ አሁን ለእረፍት ሸዋ ሮቢት፣ አባቱ ቤት
ቀን፦ የካቲት 29 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20

ጅዳ መኖር ከጀመርኩ አስራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ወንድሜ ሙዐዊያ የሚሠራበትን ባጃጅ የገዛሁለት እኔ ነኝ። በስልክ ቤንዚን ጨመረ፣ ታክስ ተጨመረበት፣ ማደያ ላይም የለም ይለኝ ነበር። እዚያም ነዳጅና ታክስ ስለጨመረብን ችግራችን አንድ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ቤንዚን በውሃ ሃይላንድ ተሞልቶ እንደሚሸጥ ግን አላወቅሁም።

የካቲት 27 ቀን ሙዐዊያ ከንጋት ጀምሮ ማደያ ተሰልፎ ሳይደርሰው ስላለቀ፣ ከመንገድ ዳር አንድ ሃይላንድ ቤንዚን ገዝቶ ባጃጁ ውስጥ አስቀምጧል። ይህንን የሰማሁት በኋላ ነው። ጾሙና ሙቀቱ አድክሞት ስለተኛ፣ ከአጣዬ ለቅሶ ደርሰው የሚመለሱትን አባታችንን ከመናኸሪያ ለመቀበል ባጃጁን ይዤ ሄድኩ። አውቶቡሱ ዘግይቶ ስለነበር ከምሽቱ 12፡35 ገደማ መንገድ ላይ እያለን አዛን ተባለ።

ጅዳ በረመዳን መግሪብ ላይ ለሹፌር ሁሉ ውሃና ተምር በመስኮት ይሰጡታል። ከመቀመጫዬ አጠገብ ሃይላንዱን ሳይ ወንድሜ ለማፍጠሪያ ያስቀመጠው ውሃ መሰለኝና በልቤ መረቅሁት። ክዳኑን ከፍቼ "አባባ፣ ያፍጥሩ" ብዬ ሰጠኋቸው። ሽታው እንዴት አልታወቀህም ተብዬ ተጠይቄአለሁ። ባጃጁ ድሮም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። አባቴ በጥም ተቃጥለው ስለዋሉ ሁለቴ ከተጎነጩ በኋላ ነው ትን ያላቸው። "ሀሩኔ፣ ምን አጠጣኸኝ?" አሉኝ።

ወደ ሆስፒታል ስነዳ ባጃጁ ቤንዚን ጨርሶ መንገድ ላይ ቆመ። አባቴ ከጠጡት የተረፈውን ጨምሬበት ደረስን። ቤንዚኑ ሳንባቸው ውስጥ ስለገባ በኦክስጅን ነው ያሉት። ሐኪሙ እስካሁን ይተርፋሉ አላለኝም።

ሙዐዊያ ትናንት "የሰጠኋቸው እኔ ነኝ" ብሎ ቃል ሰጥቶ መታሰሩን ዛሬ ጠዋት ሰማሁ። አባቴም ኦክስጅኑን ከፊታቸው አንስተው ለነርሷ "ማንም አልሰጠኝም፣ ራሴ ነኝ ያነሳሁት" ማለታቸው ተነግሮኛል። ሁለቱም የሚዋሹት ለእኔ ብለው ነው። ረቡዕ ካልበረርኩ ኢቃማዬ፣ የጅዳ መኖሪያ ፈቃዴ፣ ይቃጠላል፣ ቤቱም የሚኖረው እኔ በምልከው ነው። ነገር ግን ሙዐዊያ በዚያ ሰዓት ተኝቶ ነበር፤ ባለቤቱ ፈይዛ ታውቃለች። ክዳኑን የከፈተው የእኔ እጅ ነው።

ይህን ቃል ማንም ሳያስገድደኝ ሰጥቼ፣ ተነቦልኝ፣ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ወንድሜ እንዲፈታና አባቴ ዘንድ እንዲያድር እየጠየቅሁ፣ ፓስፖርቴንና የረቡዕ ቲኬቴን ለመርማሪው አስረክቤአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን ሀይሉ፣ ፊርማ ____________