ከፊት ያጠረ ቀሚስ

ልብስ ሰፊ ነኝ። አርባ ስድስት ዓመት ሰፍቻለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለ ቆመ ነገር ማስረዘም አልችልበትም። ይህን የምጽፈው ጥሩ ሥራዬ ሰው ስለ ጎዳ ነው። መጥፎ ሰፊ ብሆን ኖሮ ባልጎዳሁ ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። ለታላቅ እህቴ የሰፋሁትን ቀሚስ እንዳይጨማደድ በመስቀያ አድርጌ ከላይኛው ብረት ላይ ሰቅዬዋለሁ። ከፊቴ ነጭ ጋዋን በክንዷ የያዘች ወጣት ተቀምጣለች። ዓይኗን ከቀሚሱ አልነቀለችም። ደንበኛ ላገኝ ነው አልኩ በልቤ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ ቀሚስ የማን ነው?»

«የእህቴ። ምነው?»

«ከኋላ ይረዝማል፣ ከፊት ያጥራል። ተሳስተው ነው እንዳልል ስፌቱ የሚሳሳት ሰው ስፌት አይደለም።»

ደስ አለኝ። ስፌት የሚያይ ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

«ሆን ብዬ ነው» አልኳት። «እህቴ ጎበጥ ብላለች። እኩል ብቆርጠው ከፊት ይጎተታል፣ ከኋላ ይሰቀላል። ስለዚህ ከፊት ስምንት ሴንቲ ቀነስኩ፣ ትከሻው ላይ ሁለት ሽንሽን ደበቅኩ። ለብሳ ስትቆም ጎባጣ ናት የሚል የለም።»

«ማንም አያውቅባቸውም ማለት ነው።»

«ማንም።»

«ሐኪምም?»

ያን ጊዜ ፊቷን በደንብ አየሁት። የግንበኛው ልጅ ናት፤ የጎረቤቴ። የትምህርት ቤት ልብሷን እኔ ነበርኩ የምሰፋላት። አሁን ሆስፒታል ራጅ ታነሳለች። አንድ ፌርማታ ላይ አብረን ወረድንና አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ቀሚሱን ጭኔ ላይ አጠፍኩት።

«ልጄ፣ እህቴ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ሰው ሲያረጅ ይጎብጣል። አባታችንም ጎብጦ ነው የሞተው» አልኳት።

«ምን አጎበጣቸው?»

«እርጅና ነዋ።»

«እርጅና ጸጉር ያሸብታል፤ ሽበት ግን ሰው አይሰብርም። የእህትዎ ጀርባ የጎበጠው ተሰብሮ ሊሆን ይችላል።»

ሳቅኩ። «የተሰበረ ሰው አይጮህም? እህቴ አንድ ቀን ወድቃ አታውቅም።»

«የጀርባ አጥንት ከሳሳ ለመሰበር መውደቅ አያስፈልገውም። ባልዲ ሲያነሱ ይደቃል፤ ሲያስሉም ይደቃል። ሰውየው ወገቤን ቆረጠኝ ይላል፣ አንድ ሳምንት ይተኛል፣ ይረሳዋል። ራጁ ላይ ግን አጥንቱ ከፊት በኩል ተጨፍልቆ ይታያል። ያጠረው ከፊት ነው፤ ልክ እንደዚህ ቀሚስ።»

ቀሚሱን ወደ ሌላኛው ጭኔ አዞርኩት።

«አጥንት ድንጋይ ነው። እንዴት አድርጎ ይሳሳል?»

«ድንጋይማ ቢሆን ስብራት ባልጠገነ ነበር። አጥንት ሕያው ነው፣ አባባ። ሰውነታችን ዕድሜውን ሙሉ አጥንቱን ይተረትራል፣ መልሶ ይሰፋል። በልጅነት የሚሰፋው ይበልጣል። ሠላሳ ዓመት ገደማ ላይ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። ከዚያ ወዲያ መተርተሩ በትንሽ በትንሹ ይቀድማል። ሴት ደግሞ የወር አበባዋ ሲቆም ለጥቂት ዓመታት መተርተሩ ይሮጣል፤ መስፋቱ አይደርስበትም። አጥንቱ ከውጭ ያው ነው። ውስጡ ግን እንደ ወንፊት የተሠራ ነው፤ የወንፊቱ ክር ይቀጥናል፣ ቆይቶም ይበጠሳል።»

«እኛ ወንዶቹስ?»

«ዘግይቶ ይመጣል እንጂ አይቀርላችሁም። እርስዎም ሱሪዎ መንገድ እየጠረገ ነው።»

ሱሪዬን አየሁት። ይጠርጋል። ከአምስት ዓመት በፊት በልኬ የሰፋሁት ሱሪ ነው።

«እህትዎ ቀኑን እንዴት ይውላሉ?» አለችኝ።

ይህን ስትጠይቀኝ ኩራቴ ተመለሰ። «እንደ ንግሥት ነዋ። ወገቤን ካለች ጀምሮ አሥር ዓመት ከወንበሯ አላስነሳኋትም። ደረጃ አትወርድም፤ ባልዲ አትነካም። ፀሐይ እንዳይመታት መስኮቱን ጋረድኩላት። እግሯ እንዳይበርዳት ከቁርጥራጭ ጨርቅ ምንጣፍ ሰፋሁላት። እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ይህ ያንስባታል?»

ልጅቷ ጋዋኗን ስታጥፍ ቆየች። «አባባ፣ አይቆጡኝና ልጠይቅዎት። የማይሰፉበት የስፌት መኪና ምን ይሆናል?»

«ይደርቃል። ይዝጋል።»

«አጥንትም ጭነት ሲሰማው ነው የሚጠነክረው። ለተቀመጠ ሰው ሰውነቱ አጥንት ምን ያደርግለታል ብሎ መተርተሩን ይቀጥላል። ፀሐይ ያጣ ገላ ደግሞ ከወተቱም ከጎመኑም የሚያገኘውን ለአጥንቱ በቅጡ አያደርስም። እርስዎ ያከበሯቸው መስሎዎት…»

«አሰርካት በይኛ።»

«አልልም። ግን ነገ ይዘዋቸው ይምጡ። የደቀቀው አይቃናም። ሌላው እንዳይደቅ፣ ዳሌያቸው እንዳይሰበር ግን መድኃኒት አለ፣ እንቅስቃሴም አለ። በዚህ ዕድሜ ዳሌው ተሰብሮ እንደ ድሮው የሚራመድ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ፎቷቸውን ነው የማነሳው፤ ብዙዎቹን ድጋሚ አላያቸውም።»

«አስብበታለሁ» አልኩ። ሽማግሌ አስብበታለሁ ሲል እምቢ ማለቱ ነው፤ እሷም ገብቷታል።

«የልኬት ደብተር አለዎት?»

«ምን ዓይነት ልብስ ሰፊ አደረግሽኝ? አለኝ እንጂ።»

«እንግዲያው ከማሰብዎ በፊት እሱን ይዩት።»

ቀሚሱን ለእህቴ አድርሼ ሱቄ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ ደብተሮቹን አወረድኩ። የእህቴ ልክ የሃያ ሁለት ዓመት ነው። ከትከሻ በደረት በኩል እስከ ቁርጭምጭሚት፤ መቶ ሃያ ስድስት። መቶ ሃያ ስድስት። መቶ ሃያ አምስት። መቶ ሃያ ሁለት። መቶ አሥራ ዘጠኝ። መቶ አሥራ ስምንት። የጀርባዋ ግን ከመጀመሪያው እምብዛም አልተለወጠም። በየቁጥሩ ጎን በገዛ እጄ የጻፍኩት አለ። «ጫማ ቀይራለች።» «ዘመም ብላ ቆማ ነው።» ሦስት ቦታ ላይ ደግሞ «ሜትሩ ተለጥጧል፤ አዲስ ተገዛ» ይላል።

የጨርቅ ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ሜትር አሳጥሮ ይለካል። ይህን የእኛ ሙያ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ እህቴ ባጠረች ቁጥር ሜትር ቀየርኩ። ሦስቱም አሮጌ ሜትሮች መሳቢያዬ ውስጥ ነበሩ። አውጥቼ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። አንዳቸውም አልተለጠጡም።

ያን ሰዓት አመንኩ። ልጅቷ ያላሳመነችኝን የራሴ ጽሑፍ አሳመነኝ። ግን የሚያስቸኩል የሠርግ ልብስ እጄ ላይ ነበርና ሰኞ እወስዳታለሁ አልኩ። አሥር ዓመት የተቀመጠች ሴት ሦስት ቀን ምን ትሆናለች አልኩ።

እሁድ ጠዋት እህቴ የጋረድኩትን መስኮት ልትከፍት ከወንበሯ ተነሳች። የሰፋሁላት ምንጣፍ ከእግሯ ሥር ሸሸ። ዳሌዋ ተሰበረ።

ራጁን ያነሳችው የግንበኛው ልጅ ናት። ነግሬዎት ነበር አላለችኝም። ፊልሙን ብርሃን ላይ አድርጋ በጣቷ አሳየችኝ፤ ዳሌው አዲስ ስብራት ነው፣ ጀርባዋ ላይ ሦስት አጥንቶች ከቆዩ ጊዜ ጀምሮ ደቀዋል። ሦስት ሜትር፣ ሦስት አጥንት። ቆጠርኩት።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ እህቴ አልጋ ላይ ሆና «ልጅቷ ምን አለችህ?» አለችኝ። ሁሉን ነገርኳት፤ የአውቶቡሱን፣ የደብተሩን፣ የሜትሮቹን።

«ማጠሬንስ አውቄው ነበር» አለች። «መደርደሪያው ላይ ያለው ጣሳ እጄ አልደርስበት ብሎኝ ነበር። ለሰው ልናገር እልና አንተ ቀሚስ ታመጣለህ። ስለብሰው ልኬ ነው። መስታወት ፊት ስቆም ቀጥ ያልኩ ነኝ። ተሳስቻለሁ ብዬ እተወዋለሁ።»

«እትዬ…»

«ሜትሩን ከመቀየርህ በፊት አንድ ቀን ምነው ሆንሽ ብትለኝ ምን ነበረበት?»



አሁን እህቴ በብረት መራመጃ ስምንት እርምጃ ትሄዳለች። መጋረጃውን አነሳሁት፤ ምንጣፉን በእጄ ቀደድኩት። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። መድኃኒቷን ትወስዳለች። ሕመሙ ቀንሷል፤ ማታ ትተኛለች። ይህ ሁሉ አሥር ዓመት ቀድሞ ቢሆን በገዛ እግሯ ገበያ ትሄድ ነበር። ስለዚህ አንባቢዬ፣ እናት ወይም ታላቅ እህት ካለህ አታስቀምጣት። አብረሃት ተራመድ፤ የምትችለውን እቃ ታንሳ፤ ፀሐይ ታግኝ፤ ወተትና ጎመን አይለያት፤ የሚያንሸራትተውን ከወለሏ አንሳ። በየዓመቱ በር መቃን ላይ አቁመህ ቁመቷን ምልክት አድርግ። ሦስት ጣት ያህል ወርዶ ካገኘኸው ልብሷን አታሳጥር፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዳት። ይህን ያደረገ ሰው የእናቱን እግር ያተርፋል። እንዲህ ያለ ትርፍ ለእኔ አልደረሰኝም።

እኔም የሥራ ልማዴን ቀይሬያለሁ። ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የድሮ ልኩን አወጣለሁ። ባለፈው ወር ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት መጡ። ልካቸው ከፊት አራት ሴንቲ ወርዷል። መቀሱን አስቀምጬ ነገርኳቸው።

«እኔ ልብስ ላሰፋ ነው የመጣሁት» አሉኝ። «አሮጊት መሆኔን እንዲነግሩኝ አይደለም።»

«ሐኪም ይይዎት ነው ያልኩት።»

«ድሮ ጥሩ ሰፊ ነበሩ» ብለው ጨርቃቸውን ይዘው ወጡ።

ከመንገዱ ማዶ ሌላ ልብስ ሰፊ አለ፤ ጎበዝ ልጅ ነው። ትናንት መምህርቷ አዲሱን ቀሚስ ለብሰው በሱቄ በር አለፉ። ከፊት አሳጥሮላቸዋል። ትከሻው ላይም ሽንሽን ደብቋል፤ በሙያው ያልሆነ ሰው አያየውም። አምሮባቸዋል።