እትዬ ባዶ አልጋና አሥራ ሁለቱ አልጋዎቻቸው

በዚህ የሐዘናችን ቀን ከጎናችን የቆማችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሆስፒታላችን ሠራተኞች፣ ድምፄ ካነሰባችሁ ጠጋ በሉልኝ፤ የማነበው የአያቴን ሕይወት ነው፣ መጨረሻው ላይም የምሥራች አለው።

ሁላችሁም «እትዬ ባዶ አልጋ» የምትሏቸው ነርስ፣ ከአናጢው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት በዚህችው ከተማ ተወለዱ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው እናታቸው ምጥ ይዟቸው በጭነት መኪና ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሲወሰዱ፣ መንገዱ የግማሽ ቀን ነበርና ሕፃኑ ከሲሚንቶ ከረጢቶች መካከል ተወለደ። እኒያ ሕፃን፣ ዛሬም «ጭነት» የምንላቸው አጎታችን፣ እነሆ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። አያቴ ነርስ ለመሆን የቆረጡት ያን ቀን ነው።

ከነርሶች ማሠልጠኛ በማዕረግ እንደ ተመረቁ ትልቁ ሆስፒታል ሊያስቀራቸው ቢፈልግም፣ እምቢ ብለው አሥራ ሁለት አልጋ ብቻ ወዳላት ሆስፒታላችን ተመለሱ። በዚያም ጄኔሬተር ሲጠግኑ ካገኟቸው መካኒክ አያታችን ጋር ተጋብተው ሦስት ልጆች ወለዱ፤ ሦስቱም የተወለዱት አራተኛው አልጋ ላይ ነው።

አሠራራቸው የራሳቸው ነበር። ሕመምተኛው ሻል ሲለው ወደ ቤቱ ይሸኙትና፣ በማግስቱ መድኃኒቱን በቅርጫት ይዘው በሩን ያንኳኳሉ። ስኳርና ደም ግፊት ያለበትም ሳይብስበት እቤቱ ይለካ ስለ ነበር፣ አልጋዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነበሩ። ቅጽል ስማቸው ከዚህ መጣ፤ ጣጣውም ከዚሁ መጣ። ባለፈው ዓመት፣ እርሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ አልጋው የማይሞላ ሆስፒታል እንደሚዘጋ፣ ይህንንም የሚያዩ ገምጋሚዎች እንደሚመጡ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰ።

ገምጋሚዎቹ በመጡ ዕለት የከተማው ሰው አልጋዎቹን ሞልቶ ጠበቃቸው። ፀጉር አስተካካዩ ሆዱን ይዞ ያቃስታል፤ አጎታችን ጭነትም ደህና እግራቸውን በፋሻ ጠቅልለው ተጋድመዋል። አያቴ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው ገቡና፣ ብርድ ልብሱን እየገፈፉ፣ «ተነሥ፣ አንተ ከታመምክማ እኔ ሞቻለሁ» እያሉ አንድ በአንድ አስወጧቸው። ከዚያም ሕመምተኞቼ ያሉት ሌላ ቦታ ነው ብለው ገምጋሚዎቹን በእግር ከቤት ቤት አዞሯቸው፤ በሃያ ሦስት ቤት ቁስሉ የደረቀ፣ ስኳሩ የተስተካከለ ሰው፣ በሰላም የተገላገለች እናት አሳዩዋቸው። የገምጋሚዎቹ አለቃ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው አንጠልጥለው ተመለሱ።

አያቴ በዚህ ወር ልባቸው ደክሞ አራተኛው አልጋ ላይ ሦስት ቀን ተኙ። አልጋ ያዝኩባችሁ እያሉ ነርሶቹን ይቅርታ ሲጠይቁ፣ የገምጋሚዎቹ መልስ መምጣቱንም በየጠዋቱ ሲጠይቁ ቆይተው፣ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አረፉ።

መልሱ ትናንት መጣ። ሆስፒታላችን አይዘጋም። የቤት ለቤት ሕክምናውም ከአልጋው እኩል ይቆጠራል፤ ለዚሁ ሁለት ነርሶች ይጨመራሉ። አምስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ እውነት ነው።

ባለቤታቸውን፣ ወንድማቸውን፣ ሦስት ልጆችን፣ ሰባት የልጅ ልጆችንና አሥራ ሁለት አልጋዎችን ትተውልን ሄደዋል፤ ከአልጋዎቹ ዛሬ ጠዋት ዘጠኙ ባዶ ናቸው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ያሳርፍልን። አያቴ፣ እርሱ ያነጠፈልዎትን አልጋ ግን እባክዎ ባዶ አያድርጉት፤ ተኝተው ይረፉበት።