ቢጫው ላስቲክ

አራሚው በማተሚያ ቤቱ የሰው ስሕተት ሲለቅሙ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረዋል። ዘንድሮ ግን የኮምፒውተራቸው ነጭ ስክሪን ዓይናቸውን እያስለቀሰ ቢያስቸግራቸው፣ ቢጫ ላስቲክ አልብሰው ዙሪያውን በፕላስተር አጣበቁት። በዚህ ዘዴያቸው የሚስቀውን የማተሚያ ቤቱን ገጽ አቀናባሪ አይወዱትም።

የእህታቸው ልጅ፣ የኮምፒውተር ባለሙያዋ፣ የአድራሻ ካርድ ልታሳትም መጥታ ድንገት በራቸው ላይ ቆመች።

«አጎቴ፣ ስክሪኑን ምን ነካው?»

«እሱማ ደህና ነው፣ የታመምኩት እኔ ነኝ። ላስቲኩን እንዳትነኪብኝ።»

ጎንበስ ብላ በላስቲኩ ውስጥ የሚታየውን ደብዳቤ አነበበች። «ዓይኔ ስለደከመ ከሥራ እንድሰናበት…» ይላል። አራሚው አፈሩ።

«ሥራዎን ሊተዉት ነው?»

«ምን ላድርግ? ላስቲኩ በተጨማደደበት በኩል አንድ ሙሉ መስመር ሲጎድል ሳላየው አለፍኩ፤ መጽሐፉም እንደዚያው ታተመ። ደራሲው ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ዝምታው ነው የገደለኝ።»

«ይኼ የሚጽፉበት ፕሮግራም እኮ ቀለሙ ይለወጣል። ገጽታ ይባላል፤ እርስዎ እንደሚስማማዎት አዘጋጅቼ ልጫንልዎ።»

«ልጄ፣ ወረቀት ነጭ ነው፣ ፊደል ጥቁር ነው። ጽሑፍን መቀባባት የሥራ ፈት ነገር ነው።»

«የትኛው ወረቀት? ቤትዎ ያሉት መጻሕፍት ሁሉ ቅቤ መስለው የለ?»

ደግነቱ ሰው መልስ ሲያጣ ሌላ ጥያቄ አያጣም።

«ጽሑፉ ቢበላሽስ? ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»

«ገጽታ ልብስ ነው፣ አጎቴ። ሰው ልብስ ስለቀየረ ስሙ አይቀየርም። ከአንዲት ፊደል ጫፏ አትነካም።»

«እንግዲያው ልብሱን አሳዪኝ» አሉ፣ እያጉረመረሙ።

እሷም ቀለሞቹን በአንዲት ትንሽ ፋይል ጻፈች፤ ጀርባውን የቅቤ መልክ፣ ፊደሉን ጥቁር ቡናማ። ፋይሏን ፕሮግራሙ ገጽታዎቹን ከሚያስቀምጥበት ፎልደር አስገባች።

«ስሙን ምን ልበለው?»

«ላስቲክ በዪው።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሴቲንግ ውስጥ ገባችና «ላስቲክ» የሚለውን መረጠች። «የድሮው እዚሁ ከዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ ካልወደዱት ይመለሱበታል። ማሻሻል ሲያምርዎ ፋይሉን ቀድተው ቅጂው ላይ ይሞክሩ። ከማያውቁት ሰው የመጣ ፋይል ግን እንዳይጭኑ።»

አራሚው ፕላስተሩን በጥፍራቸው ፈልቅቀው ላስቲኩን አነሱ። ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ዓይናቸው አላለቀሰም።

«ደብዳቤው ስሕተት አለው» አሉ።

«የቱ ጋ?»

«ገና ከመጀመሪያው። ዓይኔ ደከመ ይላል።» አንድ መስመር ብቻ አልነበረም የሰረዙት፤ ደብዳቤውን እንዳለ አጠፉት። እሷም ትከሻቸውን አቅፋ ሳመቻቸው።

ስንቱ ሰው ነው መሣሪያውን ማስተካከል ሲችል ሙያውን ጥሎ የሚሄድ! አራሚው ከዚያ ወዲህ ዓይናቸው ሳያለቅስ ሙሉ ቀን ያርማሉ። አምሽተው ለሚሠሩበት ሰዓት የሚሆን ጠቆር ያለ ገጽታም ራሳቸው ሠርተዋል፤ በእሳቸው ላይ ሲስቅ ለነበረው የገጽ አቀናባሪም አንድ ጭነውለታል።

በዚያ ቀን ግን የእህታቸው ልጅ ገና ከበሩ ሳትወጣ የመጽሐፉን ረቂቅ በስክሪኑ ላይ ከፈቱና ስልኩን አንስተው ደራሲው ዘንድ ደወሉ።

«እኔ ነኝ፣ አራሚው» አሉ። «የጎደለችው መስመር ገጽ ዘጠና አራት ላይ ናት፣ አሁን እያየኋት ነው። ሁለተኛውን እትም ለሌላ ሰው እንዳትሰጥብኝ።»