ዳይስ የማይጣልበት ችሎታ

እንዴት ነህ ወንድምዓለም፣ ዛሬስ በጊዜ መጣህ! ግባ፣ ግባ። ያቺን ወንበር ተዋት፣ እግሯ ይወላገዳል፤ ይችኛዋ ላይ ተቀመጥ። ሙቀቱ እንዴት ይዟችኋል እናንተ ሰፈር? እኔማ ከጠዋት ጀምሮ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ውዬ ጣቶቼ የኔ አልመስል ብለውኛል። ያንተ ሥራስ? ሰው ቁልፉን መጣል አላቆመም አይደል? ተመስገን በል። ዝንጉ ሰው ባይኖር ቁልፍ ሠሪ ምን ይበላ ነበር?

ሌሎቹ ገና ናቸው። ከፊተኛው ክፍል የሚሰማህ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ነው። የቅዳሜ ጨዋታችንን አዳዲስ ገጾች ጸሐፊያቸው ራሳቸው እያባዙ ነው። ጨዋታው ላይ የተጨመረው የቤት ሕጋችን አርባ አንድ ገጽ ደረሰ አሉኝ። አርባ አንድ! ጨዋታው በሳጥኑ ሲገዛ መመሪያው አሥራ ሁለት ገጽ ነበር እኮ። ምን ይደረግ፣ ሕግ መጻፍ የለመደ እጅ አንድ ብሎ አያቆምም።

እጅህ ላይ ያለው ምንድነው?... የጨዋታ ወረቀትህ? ለምን አራት ቦታ አጠፍከው?

አሃ።... ልትመልሰው ነው የመጣኸው። ለዚህ ነው እንግዲህ በጊዜ የመጣኸው፣ ሰው ሳይሰበሰብ ሰጥተህ ልትሄድ። እስቲ ለጊዜው ኪስህ ውስጥ ክተተው። መጀመሪያ ትንሽ እንጫወት። ስለ አንተ አይደለም የማወራው፣ አትሳቀቅ። ስለ አንድ ሰው ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ስም መጥራት ነውር ነው። ደግሞም እዚህ የሉም እንበል።

እንዴት ያሉ ሰው መሰሉህ! እኛ እኮ ሞኞች ነበርን። አንድ የወረቀት ሰው እንፈጥራለን፣ መዋኘት አራት፣ መውጣት ሦስት ብለን ቁጥር እንጽፍለታለን፣ ዳይስ እንጥላለን፣ እንስቃለን፣ ወደ ቤታችን እንሄዳለን። እሳቸው ግን አዘኑልን። መዋኘትን ከሦስት ከፈሉልን፦ በደረት፣ በጀርባ፣ በልብስ። መውጣትን ለሁለት፦ ዛፍና ግንብ። ምግብ ማብሰል ላይ ደግሞ "ጨው ማመጣጠን" የሚል ችሎታ ለብቻው ጨመሩ። አብሮን የሚጫወተው የአውቶቡስ ሾፌር የፈጠረው ጦረኛ ባለፈው ወር እንዴት ሞተ? ዘንዶውን ገደለ፣ እሳት አነደደ፣ ሾርባው ላይ ጨው አበዛና ሞተ! እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከየት ይገኛል? ዘንዶው ራሱ ይህን ያህል አልተጨነቀልንም።

ችሎታ የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ አስበህ ታውቃለህ? ከመቻል ነው። መቻል ደግሞ ሁለት ነው፤ አንዱ ማወቅ፣ አንዱ መሸከም። እሳቸው ማወቁን ያዙ፣ መሸከሙን ለኛ ተዉልን። ይኸው ሦስት ዓመት ቻልናቸው። ታዲያ እኛ ችሎታ የለንም ማን ይላል?

ግን ከሁሉም የምወድላቸው ገጽ አሥራ ዘጠኝን ነው። ማሳመን። ዱሮ እንዴት ነበር? መልእክተኛህ፣ ያ የፈጠርከው የወረቀት ሰው፣ ወረቀቱ ላይ ማሳመን ዘጠኝ አለው፣ ሃያ ጎን ያለውን ዳይስ ትጥላለህ፣ ዘጠኝ ትደምራለህ፣ ዘበኛው ወይ ያምንሃል ወይ አያምንህም። አለቀ። ይህ ለሕፃን ነው፣ ለአዋቂ አይሆንም። አሁን ምን ይላል? "ዳይስ አይጣልም። ተጫዋቹ በገዛ አፉ፣ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ፣ ዳኛውን ያሳምን።" ዳኛው ማን እንደሆነ መቼም አልነግርህም። ምላስ አጥንት የለውም ይባላል፤ አንዳንዱማ ጅማትም የለው፣ ከጠዋት እስከ ማታ አይዝልም።

እና ያለፈው ቅዳሜ መጣ። እኔ የማነሳው ሕጉን ለማድነቅ ነው እንጂ አንተን ለማሳዘን አይደለም። መልእክተኛህ ድልድዩ ጋ ደረሰ። ዘበኛውን አሳልፈን ልትለው ተነሳህ። "ድልድዩን" የምትለው ቃል... ድ ላይ ቆመች። ትቆማለች አንዳንዴ፣ አዲስ ነገር አይደለም። እኛ እየጠበቅን ነበር። ሦስት ዓመት ጠብቀንህ እናውቃለን፣ ቃሉ ይመጣል፤ ሲመጣ ደግሞ ከማናችንም ቃል ይበልጣል። እሳቸው ግን ሰዓታቸውን አዩ። ቆንጆ ሰዓት ናት፣ ሴኮንዷ ቀይ። "ጊዜህ አልቋል። ዘበኛው ወንዙ ውስጥ ገፈተረህ።" ከዚያ ደግሞ ርኅራኄያቸው! "በልብስ መዋኘት አለህ?" ብለው ጠየቁልህ። የለህም። ከየት ይመጣል? ችሎታው ራሱ ከተፈጠረ ገና ሳምንቱ!

ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይሉ ነበር አባቶች። አባቶች ምን ያድርጉ፣ ዳኛውና ውሃው በአንድ ቀን የሚሞሉበት ጨዋታ አልገጠማቸውም።

ዳይሶችህን አንድ በአንድ ከረጢቱ ውስጥ ስትከት ሳይህ ግን ሆዴ ባባ። ይሄ አሽሙር አይደለም፣ እውነቴን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሱቅህ መስኮት ላይ ሰው "ቶሎ በል፣ ቶሎ በል" ሲልህ ትውላለህ፤ ያልጨረስከውን ቃል ሌላ ሰው ይጨርስብሃል፣ ያውም ያላሰብከውን። ቅዳሜ ግን መልእክተኛ ነህ። ነገሥታት ቁጭ ብለው ይሰሙሃል። ይህን ትተህ ቅዳሜን ምን ልታደርጋት ነው? ቁልፍ ልትሞርድባት?

እሺ፣ አንድ ነገር አስረዳኝ። እኔ መርፌ ይዤ ያደግሁ ሴት ነኝ፣ ሕግ አይገባኝም። የዚያኑ ዕለት፣ ከድልድዩ በፊት፣ የተቆለፈ የብረት በር አልነበረም? አንተም በገዛ አፋችን የምናሳምን ከሆነ በገዛ እጃችን እንክፈት ብለህ፣ ያን ጥግ ላይ ያለውን ቁም ሳጥን፣ ቁልፉ ከጠፋ ሁለት ዓመት የሆነውን፣ በሁለት ሽቦ አልከፈትከውም? ሃያ ሴኮንድ! ውስጡ የነበረው ኮት ራሱ ደንግጦ ወደቀ። እሳቸውስ ምን አሉ? "ግሩም ነው። ወረቀትህ ላይ ግን ቁልፍ መክፈት ሁለት ነው የሚለው፤ ዳይስ ጣል።" ጣልክ፣ አልሆነም፣ የወረቀቱ በር ተዘግቶ ቀረ። ኮታቸውን ግን ወሰዱ።

አየህ ረቂቅነቱን? አፍ የተጫዋቹ ነው፣ እጅ የወረቀቱ ነው። ምናልባት እሳቸው የሚችሉት ሲሆን በሰው፣ የማይችሉት ሲሆን በዳይስ ይሆን እንዴ?... እንጃ። በሰው ክፉ ማሰብ አልወድም።

ማሽኑ ዝም አለ እንዴ?... ወረቀት ነክሶ ይሆናል። በል ድምፄን ትንሽ ከፍ ላድርግ፣ አንተ እንዳይርቅህ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ለራሴ ነው የምተርተው፣ አፌ ያመልጠኛል። ራስ ሲመለጥ ግን ይታወቃል ባይ ነኝ። ባይታወቅማ በዚህ ሙቀት ቆብ ምን ይሠራል?

ደግሞ ጨካኝ ናቸው እንዳትል። ገጽ ሃያ ሦስትን አላነበብክም? "ጠረጴዛው አዘንብሎ ዳይሱ ከተንከባለለ፣ ጣዩ ይደግማል።" ይህን የጻፈ ሰው ልቡ ቅቤ ነው። የሚገርመው ጠረጴዛችን የሚያዘነብለው በአንድ በኩል ብቻ ነው፣ ታናሽ እህቴ በምትቀመጥበት። አንድ ስትጥል፣ "ጠረጴዛው ነው፣ ድገሚው።" ሦስት ስትጥል፣ "ጠረጴዛው ነው።" ባለፈው እኔ ራሴ ካርቶን አጣጥፌ እግሩ ሥር ሸጎጥኩበት፤ ቀጥ አለ፣ ውሃ ብታስቀምጥበት አይፈስም። ከዚያም በኋላ ለሷ አዘነበለ! እንጨት እንኳ ሰው ይወዳል እኮ።

መቼም እህቴን ታውቃታለህ፣ ፋርማሲ ነው የምትሠራው። የሷ የፋርማሲ መስኮት ላይ በየረቡዑ አንድ ሰው ይመጣሉ አሉ። ማን እንደሆኑ እኔ አላውቅም፤ ሸሚዛቸውን ብቻ አውቀዋለሁ፣ የሰፋሁት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ሊነግሯት እንደሚፈልጉ የመስኮቱ መስታወት ሳይቀር ያውቃል። ተራቸው ሲደርስ ይጠጋሉ፣ ቆባቸውን ያስተካክላሉ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ... ይከፍታሉ... "የሳል ሽሮፕ።" ሳል የለባቸውም! አሥራ አራት ጠርሙስ ሆነ። አርባ አንድ ገጽ የማይበቃው ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር አጣ ብልህ ታምነኛለህ?

እና እሷ ምን ታደርጋለች መሰለህ? ትጠብቃለች። ከኋላ ሰልፉ ያጉረመርማል፣ እሷ "ይጨርሱ፣ ይጨርሱ፣ አይቸኩሉ" ትላለች። ለሽሮፕ መሆኑን እያወቀች ትጠብቃለች። ይህን መታገሥ የተማረችው ከየት እንደሆነ ልንገርህ? እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ አንተን ስትጠብቅ። ራሷ ናት የነገረችኝ። ሰው ቃል ሲያጥረው ዓይኑን እንጂ ሰዓት አያዩም አለችኝ። እሳቸው በየረቡዑ የሚበሉት የማንን ትዕግሥት እንደሆነ ቢያውቁ... ለነገሩ አያውቁም። ማን ይነግራቸዋል? እኔ እንደሆንኩ ሐሜት አልወድም።

ባለፈው ቅዳሜ ግን፣ አንተ ከወጣህ በኋላ፣ እህቴ ገጽ አሥራ ዘጠኝን ከክምሩ መዘዘች፣ ቀስ ብላ አነበበችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። "ምን ልታደርጊው ነው?" ብላት፣ "ጥሩ ሕግ ነው፣ መስኮቱ ላይ ልለጥፈው ነው" አትለኝም? ግማሽ ደቂቃ! ሰልፉ እንዴት እንደሚፈጥንላት አስበው። እኔ እንኳ ተይ አልኳት። መልእክተኛው ከወንዙ እስኪወጣ አልሰማሽም አለችኝ።

ስለዚህ ወንድምዓለም፣ ወረቀትህን ከኪስህ አታውጣ። ማንም አይቀበልህም። አንተ ከወንበርህ ከተነሳህ ገጽ አሥራ ዘጠኝ አሸነፈ ማለት ነው፤ ከተቀመጥክ ግን የሚያፍረው ሌላ ነው። እኔም ከጎንህ ነኝ፣ ሾፌሩም በጨው የሞተበትን አልረሳም። ዛሬ ሁላችን አንድ ላይ ለማሳመንም ዳይሱ እንዲመለስልን እንጠይቃለን። ይሰጡናል፣ ደግ ሰው ናቸው አልኩህ እኮ።

አይ፣ እኔ ክፉ አልመኝላቸውም። እንዲያውም እመርቃቸዋለሁ። ፈጣሪ የልባቸውን መሻት ይስጣቸው። ያ በጉሮሯቸው የቀረ ቃል አንድ ረቡዕ ይውጣላቸው። ያን ቀን መስኮቱ ላይ የሚሰማቸው ዳኛ ልክ እንደ እሳቸው ፍትሕ አዋቂ፣ ልክ እንደ እሳቸው ሰዓት አክባሪ ይሁንላቸው። ከፍርዱም በኋላ፣ ልክ እንደ እሳቸው ደግ ሆኖ፣ በልብስ መዋኘት ይችሉ እንደሆነ ይጠይቅላቸው።

አሜን በል እንጂ ወንድምዓለም።... ቀስ ብለህ በል። እኔ አልቸኩልም።